ሁለት ክፍል፣ ምድር ቤት፣ ሰላምታ የማይፈቀድበት

ለተከበሩ የቤት መፈለጊያ አፕሊኬሽኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
(የድርጅትዎን ስም ያልጠራሁት በነፃ እንዳላስተዋውቅልዎ ብዬ ነው።)

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዴት እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ። ቢሮዎ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ አሳንሰሩም አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ እንደማያውቅ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ይርሳው አቻምየለህ የተባልሁ፣ በእስራኤል የናታንያ ከተማ ነዋሪ፣ በአንድ መጋዘን የፎርክሊፍት ነጂ ነኝ። ከእናቴ ከጌጤነሽ ጋር ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ውስጥ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ሰባ አራት ዓመት ሲሞላት ጉልበቷ ከዳት። መጀመሪያ ገበያ መውረድ ተወች፣ ቀጥሎ ምኩራብ መሄድ፣ በመጨረሻም ልቅሶ መድረስ ቀረባት። የሰው ልቅሶ ያልደረሰች ቀን እናቴ እንደ በሽተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ስለዚህ ምድር ቤት መፈለግ ግዴታ ሆነ፤ “ማንንም ሳያስቸግሩ፣ በጣትዎ ብቻ ቤት ያግኙ” የሚለውን ማስታወቂያዎን ያየሁትም በዚያን ጊዜ ነው።

በመሆኑም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. የክፍሉን ብዛት፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የውሻውን፣ ከባሕር ያለውን ርቀት ሁሉ አንድ በአንድ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እኔ “ምድር ቤት” የሚለውን ብቻ ነካሁ። የመጀመሪያው ምድር ቤትዎ አሥራ አንድ ደረጃ ነበረው። ሁለተኛው የመኪና ጋራዥ ሆኖ መስኮት የተቀደደለት ነው።

፪ኛ. “ፎቶና ሙሉ ስም ያስገቡ፤ አከራዮች ያምኑዎታል” ባላችሁት መሠረት ሁለቱንም አስገባሁ። ለሃያ ሦስት አከራዮች ጻፍሁ፤ አንድም አልመለሰልኝም። መሣሪያችሁም ከልቡ አዝኖ ምክር ላከልኝ፦ “ፎቶዎን ብርሃን ባለበት ቦታ ደግመው ይነሱ።” ታዝዤ በእኩለ ቀን ባሕሩ ዳር ቆሜ ተነሣሁ። ሰማዩ በጣም አምሮ ወጣ፤ እኔ ግን ያው ነኝ። ከዚያም ፎቶውን አጥፍቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ከሱዳን እንደገባን አስተማሪዬ በአንድ ጠዋት የሰጠችኝን “አቪቭ” የሚለውን የዕብራይስጥ ስም አስገባሁ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ። ስለ ፍጥነቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፫ኛ. መልሱን የላከችው ሊሞር የምትባል የክፋር ዮና ከተማ አከራይ ናት። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ በእውነትም ምድር ቤት፣ ከኋላው አንድ የሎሚ ዛፍ ያለበት ነበር። ሴትዮዋ ስታየን ትንሽ ደንገጥ ብትልም ቶሎ ፈገግ አለች፤ እሑድ እንፈራረማለን አለችን። እኔ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ስከፍትና ስዘጋ እናቴ ከአጠገቤ ጠፋች።

እናቴ ያደገችው ደምቢያ ነው። እዚያ አዲስ መጪ ቤት የሚሠራው አካባቢውን ዞሮ ሰላም ብሎ፣ ልኖር መጣሁ ካለ በኋላ ነው። አንድ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበርና ሦስቱን የጎረቤት በሮች አንኳኳች። ሳገኛት ሰንሰለቱን ሳያወልቅ በሩን ገርበብ ላደረገው ሰውዬ፣ በራሷ ዕብራይስጥ፣ “ጌጤነሽ እባላለሁ፤ ሽኽና፣ ጎረቤት ልሆናችሁ ነው፤ ሲያማችሁ ጥሩኝ” እያለች ታስረዳዋለች። ሰውዬውም “ስፖንጃ የሚሠራልን ሰው አለን፣ ቶዳ” ብሎ አመስግኖ በሩን ዘጋ። ወለል ልታጥብ የመጣች መስላው ነው። መኪና ውስጥ “ልጄ፣ ሰዎቹን ሳላያቸው ግድግዳውን አይቼ ምን ላደርግ ኖሯል?” አለችኝ። ዳቦው ጭኗ ላይ ነበር።

ሐሙስ ዕለት በእናንተ በኩል “ቤቱ ከኪራይ ወጥቷል” የሚል መልእክት ደረሰኝ፤ እሑድ ከነሎሚ ዛፉ ማስታወቂያው ላይ ተመልሶ ወጣ። ስደውል ሊሞር፣ “ኔሻማ፣ ነፍሴ፣ እኔ እኮ ምንም ችግር የለብኝም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው የደወሉት። ገና ሳይገቡ ያንኳኩ ጀመር፣ ሲገቡማ ስንት ሆነው ሊመጡ ነው አሉኝ” አለችኝ። አቤቱታ ለማቅረብ የእናንተን ገጽ ከፈትሁ። “ፎቶው ትክክል አይደለም” እና “ዋጋው ተቀይሯል” የሚሉ ምርጫዎች አሉ። “ሌላ” የሚለውን ነካሁ። ስለ አስተያየቴ አመሰገናችሁኝ።

፬ኛ. ይህ ቁጥር እርስዎን አይመለከትም፤ የራሴ ነው። የሚቀጥለው ቤት እዚሁ ናታንያ ውስጥ ነበር። እናቴን መኪና ውስጥ ትቼ ብቻዬን ገባሁ። ከመውረዴ በፊት፣ “እማ፣ እስክንፈርም ድረስ ማንንም ሰላም እንዳትይ” አልኋት። “ምን አጠፋሁ?” አለችኝ። “ምንም፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው” አልሁ። “እሺ” ብላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ለአርባ ደቂቃ በዚያው ፀሐይ ውስጥ ቆየች።

ውሉን በስልኬ ላይ በጣቴ ፈረምሁ። ማስታወቂያዎ እውነት ሆነ፤ ማንንም አላስቸገርንም። ጎረቤት ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ዕቃችንን አስገባን። አንድ ደረጃ እንኳ የለውም። ሐኪሟ በየቀኑ ትንሽ እንድትራመድ አዝዟታል፤ በሩም በቀጥታ ወደ መንገዱ ነው።

እነሆ ሦስት ወር ሆነን፤ እናቴ አንድ ቀን አልወጣችም። የመስኮቱን መዝጊያ አውርዳ ትቀመጣለች። “እማ፣ ፈርመናል፣ አልቋል፣ ውጪ” ስላት፣ “ጎረቤቶቹስ ፈርመዋል ወይ?” ትለኛለች። ስላልፈረሙ መዝጊያውን እንደ ወረደ ትቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ሁሉንም በኮቴያቸው ታውቃቸዋለች። ከላያችን የሚኖር፣ ንጋት ላይ የሚያስል ሽማግሌ አለ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ሳይሰማ ቀረ። “ሳይታመም አልቀረም፤ ሂድና እየው እንጂ” አለችኝ። አልሄድሁም፤ ኪራዩ ዓመት አልሞላውም፣ ውሉም ገና መታደስ አለበት። በሦስተኛው ቀን ሲያስል ሰማችና “ተመስገን” አለች፤ እኔን አላየችኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። አፕሊኬሽኑን ስታድሱ፣ ከውሻው ጥያቄ በታች አንድ ጥያቄ ይጨመርልን፦ “እናት ጎረቤት ሰላም ማለት ትችላለች? አዎ፤ አይ።” ቢያንስ ዳቦው ሳይጋገር እንድናውቀው ነው።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ የቤተ ሰብዎን ጤንነትና የድርጅትዎን እድገት እየተመኘሁ፣ ፍጥነታችሁን ዕድሜ ልኬን የማልረሳው፣

ይርሳው አቻምየለህ
(በእናንተ መዝገብ አቪቭ)
ናታንያ፣ ዴሴምበር 2015

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ፣ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስለ ሕንፃው የሰጡትን አስተያየት ልካችሁልኛል። አንዱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ እንዲህ ብሏል፦ “በጣም ጸጥ ያለ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ሰው ያለም አይመስልም።” ለእናቴ አላነበብሁላትም።