በእኔ እግር የተገባ ስለት

ሰኞ

በሶ ነስንሳበታለች። በሶ! «ለልጄ ጉልበት ይሆናታል» ብላ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተሸክማ ያመጣችውን በሶ፣ ቆዳዎቼ ላይ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ተናድጄ ስጽፍ በኋላ ለራሴም አይገባኝም። ቆዳ የምንለው በረዶ መንሸራተቻው ስኪ ሥር የሚለጠፍ ረጅም ጨርቅ ነው። አንድ ፊቱ ጸጉራም፣ ሌላው ፊቱ ሙጫ። ጸጉሩ ወደፊት ያስኬዳል እንጂ ወደኋላ አያንሸራትትም። በገመድ የሚጎተተው ሊፍት ላይ ሳልቀመጥ ተራራውን በገዛ እግሬ የምወጣው በእሱ ነው። ጫፍ ስደርስ እልጠዋለሁ፣ ተረከዜን ስኪው ላይ እቆልፋለሁ፣ እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የከረመው። ዛሬ ጠዋት ነፋስ ይንካው ብዬ የሻወሩ ብረት ላይ ሰቅዬው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ሙጫው የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ገብስ ለብሷል።

እማዬ ደግሞ ደስ ብሏታል! «የሚያጣብቅ ነገር ሰቅለሽ አይቼ ልብስሽን እንዳይነካካብሽ ብዬ ነው። ሊጥ እጅ ላይ ሲጣበቅ ዱቄት አይደል የሚነሰነሰው?» ትላለች። ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ከስሙ በቀር ያለኝ ነገር የለም።

ለቅዳሜ የሚያስፈልገኝ፦

የሥራ ሽፍት፦ ቀይሬያለሁ።
በረዶ፦ ከነገ ወዲያ ይጥላል ብለዋል፣ የዘንድሮ የመጀመሪያው።
ጉልበት፦ ቴራፒስቷ «ሂጂ፣ ግን ቀስ ብለሽ» ብላለች።
አብሮኝ የሚወጣ ሰው፦ የበረዶ ጓደኛዬ ብሩክ አለ።
ቆዳ፦ በሶ በልቷል።
ለእማዬ መንገር፦ እንጃ።

ራት ላይ ያው የማይቀረው መጣ። «የጎረቤታችን የአልማዝ ልጅ ሁለተኛዋን ወለደች። አንቺስ? ሰው የለም እንዴ?» ልትጠይቀኝ ባሕር ተሻግራ ከመጣች ጀምሮ አንድም ራት ያለዚህ ጥያቄ አልፎ አያውቅም።

ማክሰኞ

ተጣላን።

ጠዋት ቆዳውን በብሩሽ ሳራግፍ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ለመሆኑ ምንድነው እሱ?» አለችኝ። መደበቁ ሰለቸኝና ነገርኳት። ቅዳሜ ተራራ እወጣለሁ፣ በረዶ ላይ፣ ይሄ ደግሞ መውጫው ነው አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ያኔ አንድ ክፉ ሐሳብ ብልጭ አለብኝና ከአፌ አመለጠኝ። «አውቀሽ ነው አይደል የነሰነስሽበት!» አልኳት። እናቴን!

«በአባትሽ አጥንት፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩም!» አለችና የገላ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እያለቀሰች ነው ሌላው ነገር የወጣው። እኔ በረዶ ላይ ወድቄ የጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ ኦፕሬሽን የገባሁ ቀን፣ እሷ አዲስ አበባ ገብርኤል ደጅ ወድቃ ነበር። «እግሯን ካዳንክልኝ ሁለተኛ በረዶ አትረግጥም ብዬ ተስያለሁ። ይኸው አዳነሽ። አትሄጂም» አለችኝ።

በማን እግር? በእኔ እግር! ሳልጠየቅ፣ ሳልሰማ! «እግሩ የእኔ ነው እማዬ» አልኳት።

«እግሩን የሠራው ማነው?» አለችኝ።

በሩን ዘግቼ ሥራ ሄድኩ። ከቤቴ ከፌርፋክስ እስከ ሥራዬ ዌስትቼስተር ብቻዬን እየጮህኩ ነው ድራይቭ ያደረግኩት። ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ መስኮቱን ዘጋ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። እዚህ ሲዘንብ እዚያ ተራራው ላይ በረዶ ነው። ሆቴላችን ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ በረራ ሲዘገይ ንዴቱ ሁሉ የሚወርደው እንግዳ መቀበያው ላይ በቆምኩት በእኔ ነው። የሰው ንዴት እየተቀበልኩ በልቤ የራሴን አገላብጣለሁ።

ችግሩ ምንድነው፣ በስለት አላምንም ማለት አልችልም። ስለት ይቀለድበታል እንዴ! ስለት ሲደርስ እያየሁና እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ገብርኤልን ደግሞ ማን ይጋፋዋል? ግን ሌላም ነገር አለ፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። ፈርቻለሁ። ከዚያ አወዳደቅ በኋላ ደረጃ ሳይ የማስብ፣ አስፋልት እርጥብ ሲሆን በግድግዳ ታክኬ የምሄድ ሰው ሆኛለሁ። ዘንድሮ ካልወጣሁ መቼም አልወጣም። ጉልበቴ ድኖ እኔ ሳልድን ልቀር ነው። እማዬ ይህን አታውቅም፤ ብነግራትም «ጎሽ፣ ፍሪ» ነው የምትለኝ።

በምሳ ሰዓት ብሩክ ደወለ። ተራራው ላይ የተተከለውን ካሜራ በስልኩ እያየ ነው። «ቲጂ፣ እየጣለ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ደረቅ ነው!» እያለ ይጮሃል። ስለ በሶው ስነግረው ስልኩን እስኪጥል ሳቀ። ስለ ስለቱ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። «ስለት ነው እንዴ? እንደሱማ ከሆነ...» አለ። ሦስት ስኪ ያለው፣ ለበረዶ ሲል ሥራ የቀየረ ሰው! በኋላ «የንስሐ አባታቸውን ለምን አትጠይቁም?» አለኝ። ደህና ሐሳብ ነው። የተናገረው እሱ ስለሆነ ግን ወዲያው እሺ አላልኩትም።

ሐሙስ

ጠዋት፣ አዲስ አበባ ገና ሳይመሽ፣ እማዬ ወደ አባ ደወለች። ራሷ ናት የደወለችው፤ እኔ «ጠይቂያቸው» ብቻ ነው ያልኳት። እንደሚፈርዱላት እርግጠኛ ስለነበረች ስልኩን እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

አባ በክርስትና ስሟ ነው የሚጠሯት። ሁሉን ሰምተው «ወለተ ማርያም፣ እግሩ የማን ነው?» አሏት። የልጄ አለች። «ልጅሽ ተስላለች?» የለም፣ እኔ ነኝ እንጂ። «ታዲያ ጎረቤትሽ በአንቺ በግ ቢሳል ትሰጪዋለሽ?» እኔ ሳቄን ለመዋጥ መስኮት መስኮቱን አየሁ። አባ ግን አልቀለዱም። «ስለት ከራስ ነው። ያውም ከሚከብድሽ። የራስሽን አንድ ነገር ለገብርኤል ስጪ፣ ልጅቱን ግን መርቀሽ ልቀቂያት» አሏት።

«እኔ ምን አለኝና የሚከብደኝ አባቴ?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቀኑን ሙሉ አልመረቀችኝም። ሳትመርቀኝ እንደማልሄድ እኔም እሷም እናውቃለን፣ ሶ አባ ፈረዱልኝ ማለት ገና ምንም ማለት አይደለም። አመሻሽ ላይ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር፣ «ያ ጨርቅ ምን ቢደረግ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ። ቀስ ብዬ፣ እንዳላስደነግጣት፣ «እንጠይቃለን» አልኳት።

ራት ላይ ስለ ባል ጠየቀችኝ። ተመስገን፣ ደህና ናት ማለት ነው።

ዓርብ

የስኪ ሱቁ አዲስ ቆዳ እስከሚቀጥለው ሳምንት የለኝም አለ። ብሩክ ሙጫ በቱቦ ገዝቶ ከቫን ናይስ ድረስ አመጣልኝ፣ በዓርብ ትራፊክ! አሠራሩንም ነገረኝ። ቡናማ ወረቀት ታነጥፊበታለሽ፣ በሞቀ ካውያ ትጫኚዋለሽ፣ አሮጌው ሙጫ ከነቆሻሻው ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ አዲሱን ትቀቢዋለሽ አለ። እማዬ ከኋላ ሆና ስትሰማ ቆይታ «ይሄማ ከነጠላ ላይ የጧፍ ሰም ማንሳት ነው!» አለች።

ካውያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ የተንጠባጠበበት ነጠላ ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። የግሮሰሪ ከረጢት ቀደደች፣ አነጠፈች፣ ተጫነች፣ ትንሽ ታገሰች፣ ላጠችው። ወረቀቱ በሶና ሙጫ ጠጥቶ ተነሳ። «አየሽ? አትፈትጊው። ስትፈትጊው ነው ጨርቁ ውስጥ የሚገባው» ትለኛለች። ብሩክ ወረቀት ያቀብላታል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። ቤቱ የተቃጠለ ገብስ ሸተተ። አዲሱን ሙጫ ግን እኔ ቀባሁት፤ እሱን እንኳ ለማንም አልሰጥም።

ብሩክ «ደህና ዋሉ እትዬ» ብሎ ገና በሩን ሳይዘጋ፣ «ይሄ ልጅ ያገባ ነው?» አለች።

«እማዬ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»

ከዚያ ነጠላዋን እያጣፋች፣ ነገ እኔም እመጣለሁ አለች።

ቅዳሜ

ወጣሁ። ወረድኩም!

ብሩክ ገና ሳይነጋ መጥቶ ወሰደን። እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከስኪዎቹ ጋር። ፍሪዌዩን ሙሉ ውዳሴ ማርያሟን ስትደግም ነበር። ተራራው ላይ ፓርክ እንዳደረግን ወርዳ በረዶውን በጣቷ ነካችው። «ይሄ ነው እንዴ ልጄን የጎዳት? እንዲህ ለስልሶ?» አለች። እውነትም ለስላሳ ነበር። ሌሊቱን ጨምሮበት ማንም አልረገጠውም።

ከዚያ «ጉልበትሽን አውጪ» አለችኝ። ከቦርሳዋ እምነት አወጣች፣ ያን ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ አመድ። ሱሪው ላይ ይበቃል ብላት «የምናድነው ሱሪውን ነው?» አለችኝ። በዚያ ብርድ ሱሪዬን ጠቅልዬ ፓርኪንጉ መሃል ቆምኩ። ሌላው ሰው ጫማውን ሲያስር ለእኔ ጉልበቴ ላይ የአመድ መስቀል ይደረግልኛል። ብሩክ ሰማይ ሰማይ ያያል። እማዬ ቀና ብላ ለራሷ የሆነ ነገር አንሾካሾከች፤ አልሰማሁም። ቀጥላ ግን ጮክ ብላ መረቀችኝ። «በሰላም አውጥቶ በሰላም ያውርድሽ። እንቅፋት አይምታሽ» አለች። አሜን አልኩ። ብሩክም አሜን አለ።

ሊፍቱ ሳይነሳ በእግር መውጣት የሚፈቀደው በዳር በኩል፣ ምልክት በተተከለበት ነው። የመጀመሪያውን እርምጃ ሳነሳ ይንሸራተታል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሙጫው ያዘ። ሁለተኛውም ያዘ። በቃ፣ ከዚያ ሽሽ ሽሽ የሚለው ድምፅ ብቻ፣ የራሴ ትንፋሽ፣ ከፊቴ የብሩክ ጀርባ። ግማሽ ላይ የግራው ቆዳ ጫፍ ተላጠ። የማይጻፍ ነገር ተናገርኩ፤ ብሩክ በቴፕ ጠቀለለው። ጫፍ ላይ እማዬ የለወሰችልንን የበሶ ጭብጦ በላን። ከበሶው ግማሹ እግሬ ሥር፣ ግማሹ ሆዴ ውስጥ ሆነ።

ቆዳዎቹን ላጥኩ፣ ተረከዜን ቆለፍኩ፣ እና ቆሜ ቀረሁ። ቁልቁለቱን አየሁት። እግሬ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ የማልሄደው። ብሩክ አላጣደፈኝም። «ከፈለግሽ በመጣንበት በእግር እንወርዳለን። አብሬሽ እወርዳለሁ፣ ምንም ማለት አይደለም» አለኝ። እንደማይቀልድ ፊቱ ላይ አየሁ። እንደዚያ ባይለኝ ኖሮ የምሄድ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው መታጠፊያ በደህናው እግሬ ነበር። ሁለተኛው በታመመው። ያዘኝ! ጉልበቴ ያዘኝ! በረዶው እስከ ጭኔ ድረስ ይነሳል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እንባዬ መነጽሬ ውስጥ ይወርዳል። አንዴ በቂጤ ተቀምጫለሁ፤ ብሩክ አላየሁም ብሏል፣ አይቷል።

ታች አጥሩ ጋ እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው አንዱ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሰው የተጎዳ መስሎት እየሮጠ መጣ። ብሩክ «ደስታ ነው፣ ደስታ ነው» እያለ አስረዳው። እማዬ ሰውዬውንም መረቀችው።

አሁን ቤት ነን። ጉልበቴ ትንሽ አብጧል፤ ቴራፒስቷ የተወሰነ ያብጣል ብላኝ ነበር፣ ነገ እናየዋለን። እማዬ ከተራራው በፌስታል ይዛው የመጣችውን በረዶ ደርባበታለች።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በመልሱ ያን ሁሉ መንገድ ከብሩክ ጎን ተቀምጣ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ብሩክ ራሱ ግራ ገብቶት «እኔ እንግዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው እትዬ» አላት። እማዬ ከንፈሯን ነክሳ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብላው ወደ መስኮቱ ዞረች። ራት ላይ ጠበቅኩ፤ ስለ አልማዝ ልጅ የለ፣ «አንቺስ?» የለ። አሟት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ስለት አለብኝ» አለችኝ። «አባ ከሚከብድሽ አላሉም?»

ጠዋት ምን ብላ እንዳንሾካሾከች ያኔ ገባኝ፤ ስለ ባል ላለመጠየቅ ተስላለች። እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ተራራ በወጣሽ ቁጥር ነው» አለችና ፌስታሉን አስተካከለች።

ብሩክ በቴክስት ሐሙስ እንደገና ይጥላል ብሎ ልኮልኛል። እሺ ብዬዋለሁ። ያን ሁሉ ራት ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ብትጠይቀኝ ግን፣ እንጃ፣ የምላት ነገር ሳይኖረኝ አይቀርም ነበር።