ለቀኝ ጆሮህ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሆንክ ታላቋ ልጅህ እትዬ ትነግረኛለች፤ ቁርስህን ትበላለህ፣ ጋዜጣህን ታገላብጣለህ፣ በግራህ በኩል ለሚያወራህ ሰው መልስ አትሰጥም። ስልክ ላይ ደግሞ ሸክላ የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ “በይ ደህና ዋይ” ትለኛለህ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ስለዚህ ልጻፍልህ።

ከሆስፒታል የወጣህበት ቀን ከፊቴ አይጠፋም። ሐኪሞቹ ከጆሮህ ውስጥ እጢውን ሲያወጡ የግራ ጆሮህን መስማት አብረው ወሰዱት። እኛ በሕይወት መትረፍህን እያሰብን “ተመስገን” ስንል፣ አንተ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ሙዚቃ ሸክላዎችህ ሄድክ። ያንን የምትሳሳለትን የሳክስፎን ሸክላ አውጥተህ በጨርቁ ጠረግከው፤ መርፌውን አስቀምጠህ ወንበርህ ላይ ተደላደልክ። ትንሽ ቆይተህ አንገትህን አዘነበልክ። ወንበሩን ጎተትክ። ተነሥተህ የስፒከሩን ገመድ ነካካህ።

“ሳክስፎኑን ማን ጓዳ ከተተው?” አልከኝ።

“አለ እኮ አባዬ፣ ይሰማኛል።”

“አዎ፣ አንቺማ ይሰማሻል።”

የማጫወቻውን ክዳን ከደንክ። ሻንጣህን ይዘህ እትዬ ዘንድ ለመኖር ስትሄድ ደረጃው መሃል ላይ ዞር ብለህ “ሽጪያቸው፤ ለሚሰማ ሰው ሽጪያቸው” አልክና ወረድክ። መልሴ ይኸውልህ።

ከመሸጤ በፊት አንተ የሰማኸውን መስማት ፈለግኩ። የግራ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ፣ ከላዩ በሰም ደፍኜ አንተ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እውነትህን ነበር። ድራሙ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠ ያህል ይቀርባል፤ ሳክስፎኑ ግን ጎረቤት ቤት እንደሚነፋ ነው። አንገቴን ባዞር፣ ወንበሩን ብገፋ፣ ወይ ፍንክች! ሙዚቃው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደማይሰማው ጆሮህ ነበር የሚሄደው። እኛ “ተስፋ ቆረጠ” ስንልህ አንተ እንደዚህ ነበር የምትሰማው።

ከዚያ የተወሰኑትን ተሸክሜ ወደ ሸክላ መሸጫው ሄድኩ። ባለሱቋን ታስታውሳታለህ፤ ደንበኛው ሁሉ “አክስቴ” የሚላት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር የምትፈልገዋ። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አየችና ቀና አለች።

“እንዲህ የተያዘ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ተጣልቷል። አባትሽ የቱን ሆኖ ነው?”

“አንድ ጆሮው ሞተ፤ ከሌላው ጋር ተጣላ” አልኳት።

አልሳቀችም። ወደ ኋላ መደርደሪያው ሄዳ አንድ አዲስ ሸክላ ይዛ መጣች። ያው የአንተ ሳክስፎን፣ ያው ሽፋን! ወፍራም ነው፤ እንደ ሸክላ ሳይሆን እንደ ሰሃን ይከብዳል።

“ይኼ በሞኖ ነው” አለችኝ። “ያኔ ብዙዎቹን ሲቀዷቸው ሁሉንም ድምፅ ባንድ መንገድ ነበር የሚያመጡት። ከዋናው ቴፕ እንደገና ያተሙት ነው። ለዚህ አንድ ጆሮ ይበቃል። ውሰጂው፤ ያንቺን ግን አልገዛሽም።”

ዕድሜህን በማተሚያ ቤት የጨረስክ ሰው፣ “ዳግም እትም የሚወጣው የፊተኛው ስህተት ሲኖረው ነው” እያልክ እነዚህን አዳዲስ ሸክላዎች እንዴት እንደምትንቃቸው አውቃለሁ። እኔም በንቀትህ አድጌ ንቄያቸው ነበር። ቤት ገብቼ ጆሮዬን እንደገና ደፍኜ መርፌውን አሳረፍኩት። አባዬ፣ ሰውዬው መጣ! ጓዳ አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ቆመ። ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ድራሙ ከኋላው፣ ቤዙ ከሥሩ፣ ምንም የጎደለ የለም። እንባዬ እየወረደ “ወይኔ፣ አባዬ ይኼን ሳይሰማ?” አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞኖ ሸክላ አሳዳጅ ሆኛለሁ። ጥቂት ነው የሚያትሙት፤ ሳትዘጋጅ ከተገኘህ ያልቃል። ፋርማሲ ውስጥ በምሳ ሰዓቴ በየከተማው ላሉ ሱቆች ስደውል የሰማኝ የሥራ ባልደረባዬ “ለማን መድኃኒት ነው እንዲህ የምታፈላልጊው?” ብሎ ጠየቀኝ። “ለአባቴ” አልኩት። አንዱ ሻጭ የተጣመመ ልኮልኝ ስመልስለት “ትንሽ ነው እኮ” ሲለኝ፣ “ትንሽ የተጣመመ ቁልፍስ በር ይከፍታል?” ብዬው አረፍኩ። የአንተ ልጅ አይደለሁ!

እትዬ አልወደደችውም። “ቁስሉን ለምን ትነካኪዋለሽ? ተይው፣ ለምዶታል” አለች። ለምዶታል የሚለው ቃል ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው የመጣሁት ለዚያ ነው።

ስታየው ደስ አላለህም። “እኔን ለማጽናናት አትድከሚ” ብለህ ከሳሎኑ ወጣህ። እኔም ለማንም ሳልናገር የሞኖውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩት። አንተ አላየችኝም ብለሃል። አይቼሃለሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆመህ፣ ቀኝ ጆሮህን ወደ በሩ አስጠግተህ፣ ጣትህ ግድግዳው ላይ ከድራሙ ጋር ይሄድ ነበር። እትዬ ልትናገር ስትል እጇን ያዝኳት። የመጀመሪያው ገጽ ሊያልቅ ሲል ብቅ አልክና “መርፌው ከብዶታል፣ ቀለል አድርጊው” አልከኝ። ያን ብለህ ወደ መኝታ ቤትህ ገባህ። እኔ ግን ከዚያ በላይ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

ማጫወቻውን ከነሸክላው እዚያው ትቼልህ ተመለስኩ። ትናንት እትዬ ደውላ በሹክሹክታ “ሶፋዬን ግድግዳው ላይ አስጠግቶታል፤ ሸክላ ሲያጫውት ልጆቹንም ዝም በሉ እያለ እያስጨነቀን ነው” አለችኝ። ቅሬታ መሆኑ ነው። ድምፅዋ ግን ይስቅ ነበር።

አባዬ፣ እንግዲህ ስማኝ። ያንተን ሸክላዎች አልሸጥኳቸውም፤ አልሸጣቸውምም። የሞኖዎቹን ደግሞ እየሰበሰብኩ ነው፤ የጥሩንባውም ተገኝቷል፣ የፒያኖውንም አክስቴ አስቀምጣልኛለች። የቀረውን ከየትም ይሁን ከየት አመጣዋለሁ። ዳግም እትም አልሰማም ካልክ ስማና ስህተቱን ንገረኝ፤ ለመጣላት ዝግጁ ነኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አትምጪ ለማለት ካሰብክ በር ላይ ጠብቀኝ፤ በቀኝህ በኩል ቆሜ “መጥቻለሁ” እልሃለሁ።

አልሰማ ባይዋ ልጅህ