በመቃብር ተራ አንደኛ ስለ መውጣቴ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የከተማችን የጥቃቅን ንግድ ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ፣ ከቤተሰብዎና ተቀምጠውበት ከማያውቁት ወንበርዎ ጋር ይሁን። ጤናዎ እንደምን ነው? ደም ግፊቱስ፣ ስብሰባውስ በረታብዎት? እኔ ስለ ራሴ ጤና ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ጽሕፈት ቤትዎ ስለ እኔ ከያዘው መረጃ ጋር እንዳልጋጭ ብዬ፣ በሕይወት አለሁ ማለቱን ለእርስዎ ፈቃድ ትቼዋለሁ።

ስሜ ወሰንየለሽ ትዕዛዙ ይባላል። ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ በኪራይ የያዝኳት ስድስት ክፍል አልጋ ቤት አለችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔም፣ አብራኝ የምትሠራው ጥሩነሽም የምንኖረው በእሷው ነው። አውቶቡሱ ደጄ ላይ መቆሙን ከተወ በኋላ ግን የደጀንን ዳገት ወጥቶ የሚመጣው መንገደኛ ገና መኪናው ላይ ሳለ አልጋውን በስልኩ ፈልጎ ይጨርሳል፤ ባጃጁም ስልኩ ወዳሳየው ይነዳል። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ጽሕፈት ቤትዎ፣ ሰው በስልኩ ሲፈልግ ትንሽ ንግድ ቤት እንዴት ከላይ ከላይ እንደሚታይ ላስተምራችሁ ብሎ ሲጠራን፣ የዓመት በዓል ቀሚሴን ለብሼ ነው የመጣሁት።

አሠልጣኝዎ ጎበዝ ሰው ናቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቤቴ ስም «ሰላም አልጋ ቤት» መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ። ሰላም የሚባል ቤት በየከተማው እንደ አሸን ስለ ፈላ ማንም ፈልጎ እንደማያገኘኝ፣ ማንም ያልያዘውን ስም የያዘ ግን ወዲያው ከላይ እንደሚወጣ አስረዱኝ። ቀጥለውም የክርስትና ስሜን በሰው ሁሉ ፊት ጠየቁኝ። እርስዎም እንደሚያውቁት በእኛ አገር የክርስትና ስም በአዳራሽ አይጠየቅም። ካህኑ፣ የክርስትና እናትና የቅርብ ዘመድ ይዘውት ይኖራሉ፤ ሕዝብ የሚሰማው በፍትሐት ቀን ነው። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ «ወለተ ኪዳን» ብዬ ተነፈስኩ። «አልጋ ቤት» የሚለውም ቃል ወረደ ተባለና በ«ማረፊያ» ተተካ። ወለተ ኪዳን ማረፊያ! አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ጽሕፈት ቤትዎ አወጣው። ከዚህ በኋላ የሆነውን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ስማችንን ወደ ስልኩ የሚያስገቡት ባለሙያዎ የክርስትና ስም አዩ፤ ቀጥሎ ማረፊያ የሚል አዩ፤ ደግ ሰው ናቸውና ነፍስ ይማር ብለው ከመካነ መቃብር ተራ አስገቡኝ። አልፈርድባቸውም፤ የክርስትና ስምና ማረፊያ አብረው የሚጻፉት ድንጋይ ላይ ነው፤ ቃሉንም የሰጠሁት እኔው ነኝ። የሚገርመኝ ከሥሩ ስልክ ቁጥሬን ማስገባታቸው ነው። ሙት ስልክ ያነሳል ብለው ይሆን? ጎረቤቴ መምህር ሙሉብርሃን በስልኩ እንዳሳየኝ፣ የገቡልን ቃል ግን አልታጠፈም፤ መቃብር ብሎ ለሚፈልግ ሰው በከተማችን ከእኔ በላይ የሚወጣ የለም። ከማላውቃቸው ሰዎችም አድናቆት ተጽፎልኛል፤ አንዱ «ጸጥ ያለ ቦታ ነው» ሲል ሌላው «በአፀደ ገነት ያኑራት» ብሏል። አልጋ ብሎ ለሚፈልግ ግን የለሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ። ይስተካከልልኝ ብዬ ቢሮዎ መጣሁ። ባለሙያዎ ወንበር አቅርበው፣ ውሃ ሰጥተው፣ «እማማ፣ ምን ቸገረዎት? ዋናው መታየትዎ ነው» አሉኝ። ማስተካከል የሚቻለው እርስዎ ሲፈርሙ ብቻ መሆኑን ጨምረው ነገሩኝ። እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ነበሩ። በሌላ ቀን ብመለስ ሥልጠና ሄደዋል ተባልኩ፤ በምን ላይ ብል፣ ተፈልጎ ስለ መገኘት! እንኳን ደስ አለዎት። እኛን በስልክ ተገኙ ያሉን ክቡርነትዎ ግን በቢሮዎ ሊገኙ አልቻሉም።

ሦስተኛ። መርጡለ ማርያም የምትኖር አክስት አለችኝ፤ እማማ የብርጓል ትባላለች። የክርስትና እናቴም እሷ ናት፤ በሰማንያ ቀኔ ከቤተ ክርስቲያን ተቀብላ ያቀፈችኝ እሷ ናት። ለፋሲካ ልትመጣ አስባ ቁጥሬ ጠፍቶባት ኖሮ፣ የሰፈሯን ዲያቆን የልጄን ቤት በስልክህ ፈልግልኝ ትለዋለች። በክርስትና ስሜ መጠራቴን በሰው በሰው ሰምታ ነበርና ወለተ ኪዳን በልና ፈልግ አለችው። ዲያቆኑም ያገኘውን አነበበላት። ወለተ ኪዳን። ማረፊያ። መካነ መቃብር። ቁጥሬም ከሥሩ ነበር፤ ለሙት ግን ማን ይደውላል?

ክቡር ሆይ፣ ያቺ አሮጊት ፍትሐት አስፈታችልኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን ታጥቃ፣ መቃብሬን ለማየት በአውቶቡስ መጣች። ባጃጁ ስልኩ ያሳየው ቦታ ላይ አወረዳት፤ ቦታውም ደጄ ነው። «ወየው ልጄን! ሳልቀብርሽ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ እኔ የአንሶላ እጣቢ በባልዲ ይዤ ብቅ አልኩ። አየችኝ፤ አፏን ይዛ እዚያው ተዘረረች።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እውነቱ ገና ሳይጣራ ሦስት ሴቶች አልቅሰውልኛል፤ በቁሜ የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ። አድረው የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች ልቅሶ ቤት ምን እናደርጋለን ብለው ዕቃቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለባጃጆቹ ቤቴን «የሟቿ ቤት» ይሉታል፤ ለቀልድ ነው፣ ክፋት የላቸውም፤ መንገደኛ ግን ቀልድ ውስጥ አይተኛም። ጥሩነሽ ማንም ያልተኛበትን አልጋ በየማለዳው ታነጥፋለች። ተይው ስላት «እጄን ምን ላድርገው?» ትለኛለች። የቤቱ ውል የሚታደሰው ለሰኔ ሚካኤል ነው፤ እስከዚያ እንግዳ ካልገባ ቤቷ አትኖርም፤ እኛም የት እንደምንወድቅ አላውቅም። እፈራለሁ፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ።

አክስቴ ከወደቀች ወዲህ ግራ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ሁለተኛው ክፍል ተኝታለች፤ ዛሬ በቤቴ ያለችው እንግዳ እሷ ብቻ ናት። ሾርባ ይዤ ስገባ በደህናው እጇ ጉንጬን ትዳስሳለች፤ ሙቀቴን ታያለች። ትናንት ምን እንዳለችኝ ልንገርዎና ይብቃኝ። «ልጄ፣ እኔ አፌ ውስጥ ሸሽጌ ያቆየሁልሽን ስም ምነው ለመንገደኛ ሰጠሽው?» አለችኝ። ለመታየት ብዬ ነው አይባልም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ የክርስትና ስሜን ከስልኩ አውጥተው እንዲመልሱልኝና ቤቴን በአሮጌ ስሟ ከአልጋ ቤቶች ተራ እንዲያስገቡልኝ ነው። ከታች ልሁን፣ ከሰላሞች ሁሉ መጨረሻ ልሁን፤ ግድ የለኝም። ብቻ ከሕያዋን ጋር ልቆጠር።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ረዝሞም ፊርማዎን ለማየት ያብቃኝ። ለዋሉልኝ ውለታ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለጊዜው መተንፈሴን ያላቋረጥኩ አገልጋይዎ፣

ወሰንየለሽ ትዕዛዙ
ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ለሰኔው ጉባኤ እንግዶች ማደሪያ ፈልጎ፣ በስልክ ላይ ላገኛቸው ቤቶች ሁሉ ደብዳቤ እንደ በተነ ሰማሁ። ለእኔ አልደረሰኝም፤ አልቀየምም፣ ከመቃብር አልጋ የሚጠይቅ የለም። ምናልባት አልጋው ሞልቶ ክቡርነትዎ ራስዎ ማደሪያ ካጡ ግን አይጨነቁ፤ አምስት ክፍል ባዶ ነው። ቦታው ጸጥ ያለ ነው፣ ጨርቁ ነጭ ነው፣ የሚቀሰቅስም የለም። የክርስትና ስምዎን ብቻ ይላኩልኝ፤ በሩ ላይ እጽፈዋለሁ።