በረሃ ውስጥ በብርድ ስለሞተ ሰው

ለልደትና ሞት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ በወሩ ዐሥራ አራት

ጉዳዩ፦ በወንድሜ የሞት የምስክር ወረቀት ላይ «ከፍተኛ ሙቀት» ተብሎ የተመዘገበው የሞት ምክንያት «ብርድ» ተብሎ እንዲታረምልኝ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

«በረሃ ውስጥ በብርድ የሞተ ሰው ዛሬ ከመዘገብን፣ ነገ ባሕር ላይ በውኃ ጥም የሞተ ይመጣብናል።»

ይህን ባለፈው ማክሰኞ የሦስተኛው መስኮት መዝጋቢ ለባልደረባው ሲናገር ሰምቻለሁ። መስታወቱ ስንጥቅ ስላለው ድምፅ ያወጣል። ባልደረባው ሳቀ። እኔ ግን ንግግሩን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የባሕር ውኃ ጨው ስለሆነ፣ ባሕር ላይ በውኃ ጥም የሞቱ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ለእነርሱ ከወዲሁ ቢዘጋጅ መልካም ነው። ወንድሜ ግን ቀድሞ የመጣ በመሆኑ በተራው እንዲስተናገድ ከዚህ በታች በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. አመልካች በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ሟች ታናሽ ወንድሜ ሲሆን የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ የሚጭን ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አምና በቀዝቃዛው ወራት ለቁፋሮ ወደ በረሃ ሲጓዙ መኪናው መንገድ ላይ ተሰበረ። ጓደኞቹ በሌላው መኪና ሲቀጥሉ እሱ ንብረት ለመጠበቅ ብቻውን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መለዋወጫ ይዘው ቢመለሱ፣ ጋቢናው ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ፣ የመኪናውን ሸራ ተከናንቦ አገኙት። የሚጠጣው ውኃ ከጀሪካኑ ግማሽ በላይ ነበር። የቁፋሮ ቡድኑ ፎርማን በሰጠው ቃል እንደተገለጸው፣ በውኃው ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ነበር።

2. ሐኪሙ «ለብርድ በመጋለጥ ሞቷል» ሲል ጽፏል። ማስረጃውን ያቀረብሁለት ይኸው የሦስተኛው መስኮት መዝጋቢ አንብቦ ራሱን ነቀነቀና፣ «ሐኪሙ ተሳስቶ ነው እትዬ፤ ግድ የለም፣ አስተካክዬልዎታለሁ» አለኝ። አስተካከለው፤ ማኅተምም አደረገበት። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ሐዘንተኛ ነች ብሎ ያለ ወረፋ አስተናግዶኛል። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ለምን ዝም እንዳልሁ ማንም አልጠየቀኝም።

3. ሠላሳ ዓመት የመጻሕፍትን ጀርባ ሳጣብቅ ፊታቸውን አላየሁም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ለጥገና የሚመጡልኝን የጂኦግራፊ መጻሕፍት እያነበብሁ ነው የምመልሳቸው። ለመሥሪያ ቤቱ ዕውቀት ያህል፦ በረሃን በረሃ የሚያሰኘው የዝናብ እጦት እንጂ ሙቀት አይደለም። በዓለም ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ ነው፤ የለበሰው በረዶ ነው። ሞቃት በሚባሉት በረሃዎችም አሸዋው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ድንጋይና ጠጠር ነው። ደመናና እርጥበት ስለሌለ ሰማዩ ክዳን እንደሌለው ድስት ነው፤ የቀኑ ሙቀት ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ሰው እስኪሞትብኝ መጠበቅ አልነበረብኝም፤ መደርደሪያው ከወንበሬ በስተጀርባ ነው።

በመጠበቂያ ክፍልዎ የተሰቀለውን የዓለም ካርታም ለአራት ሰዓት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በስንዝር ለክቼዋለሁ። ግሪንላንድ አፍሪካን ያህላል። በእውነቱ አፍሪካ ዐሥራ አራት እጥፍ ትበልጣለች። ይሁንና ካርታው ይታረም አልልም፤ በእሱ ምክንያት መስኮት ከፍቶ የተቀመጠ ሰው የለም።

4. በምስክር ወረቀቱ ምክንያት ግን አለ። እናታችን የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አስቀምጣ፣ ቤት የገባውን ሁሉ ታስነብባለች። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ ሳይቀር፣ «ካነበብህ አይቀር ይቺንም አንብብልኝ» ብላዋለች። ሁሉም «ከፍተኛ ሙቀት» ብለው ያነቡላታል። እሷም፣ «ልጄ ተቃጠለ» ትላለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መስኮት አይዘጋም። «ተዪው፣ ንፋስ ይግባለት» ትለኛለች።

ቀዝቃዛው ወራት ተመልሶ መጥቷል። እናቴ በስስ ሹራብ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትውላለች፤ ሳሏም ወደ ውስጥ ገብቷል። ከጤና ጣቢያ የምትከታተላት ነርስ መጥታ፣ «እማማ፣ ሳንባዎን ሊጨርሱት እኮ ነው» ብትላት፣ «የኔ ሳንባ ተምሮ የት ሊደርስ» ብላ መለሰችላት። ነርሷ ሳቀች፤ በር ላይ ስሸኛት ግን፣ «ይሄ መስኮት ካልተዘጋ ወሩን አይዘልቁም» አለችኝ።

5. አልነገርሻትም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ነግሬያታለሁ። «እማዬ፣ የገደለው ብርድ ነው» ስላት፣ «ማኅተም አለሽ?» አለችኝ። የለኝም አልኋት። በዚህ ረገድ እናቴና መሥሪያ ቤቱ አንድ አቋም አላቸው።

6. ቀጥሎ ያለው ለመዝገቡ እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ሳልጽፈው ግን ማለፍ አልቻልሁም። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ መኪናው ከመሰበሩ በፊት በነበረው ማምሻ ነው። መጻሕፍት መሐል ስለምውል ሲያሾፍብኝ ፕሮፌሰር ይለኝ ነበር። «ፕሮፌሰር፣ ሻንጣዬ ምነው ቀለለኝ ስል ነበር» አለና ሳቀ። «እዚህ ቀን ድንጋዩ ላይ ዕንቁላል ይጠበሳል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ግን ጥርሴ ከበሮ ይመታል፤ ስሚው» አለኝ። ስልኩ ውስጥ ሲንገጫገጭ ሰማሁት። እየቀለደ መሰለኝ። «ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም» ብዬ ዘጋሁት።

መስኮቱ ክፍት መዋል ከጀመረ ወዲህ፣ ንፋስ ሲገባ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እንዲሁ ይንገጫገጩ ነበር። አራራቅኋቸው። በመካከላቸው ጨርቅ አደረግሁ። በመጨረሻም ሁሉንም ለጎረቤት ሰጠሁ። ድምፁ አልቆመም። እናቴም ትሰማዋለች። «ሰማሽው? ጠምቶት እኮ ነው» ትልና በጣሳ ውኃ ቀድታ መስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጣለች። የጠማው ውኃ አለመሆኑን አውቃለሁ።

7. ማክሰኞ ዕለት ለእርማት ስቀርብ መዝጋቢው፣ «እሺ፣ ብርድ ነው እንበል እትዬ። ታዲያ ካፖርት አልያዘም? ስንት ዓመት የነዳ ሾፌር!» ሲል ጠይቆኛል። ጓደኞቹ ሁሉ ካፖርት እንደነበራቸው ፎርማኑም መስክሯል። በእርማት መጠየቂያው ቅጽ ላይ ይህን የሚመለከት መስመር ስላላገኘሁ በዕለቱ መልስ አልሰጠሁም።

ስለዚህ፦

ሀ) የሞቱ ምክንያት ሐኪሙ እንደጻፈው «ብርድ» ተብሎ እንዲታረም፤

ለ) መዝጋቢው የታረመውንና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ቤታችን ድረስ በመምጣት ለእናቴ ራሱ እንዲያነብላት። ከእኔ ይልቅ እሱን ታምነዋለች። ከሰማች በኋላ እሷም መዝጋቢው የጠየቀኝን መጠየቋ አይቀርም፤ ለዚያ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤

ሐ) ይህም ነርሷ ከተናገረችው ቀን በፊት እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለመለየት አያስቸግርም። በሕንጻው ላይ በዚህ ብርድ የተከፈተው መስኮት የእኛ ብቻ ነው።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች ታላቅ እህት

ከዚህ ጋር የቀረቡ፦
የሐኪሙ ማስረጃ፣ አንድ ገጽ
የፎርማኑ ቃል፣ ሁለት ገጽ
የወንድ ካፖርት፣ ግራጫ፣ አንድ። የሟች ነው። በተጓዘበት ዕለት ጠዋት አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከትቶት ነበር፤ «በረሃ ለሚሄድ ሰው ካፖርት ምን ይሠራለታል» ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።