ለውጥ ካላዩ ሹፌርዎን ይመርምሩ

ለተከበሩ የነዳጅ ቁጠባ ንቅናቄ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? የቴፒ መንገድ ጭቃው ጠገግ ባለበት በዚህ ወቅት እርስዎም ከነኮሚቴዎ በሙሉ ጤንነት እንዲከርሙ እመኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጤና ያስፈልጋልና።

እኔ በአንዲት አሮጌ አይሱዙ ከቴፒ ቡና የማስጭን ነጋዴ ነኝ። ባለፈው ግንቦት፣ ክብ ማኅተምዎ ያረፈበትን የነዳጅ መድኃኒት ጥቂት ጠርሙስ ገዛሁ። ናፍጣው ላይ ጠብ ቢደረግ አንድ አምስተኛውን ይቆጥባል ብላችሁን ነበር። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በከተማው አዳራሽ ደጃፍ ስላሳያችሁን ሙከራ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው መኪና ከላይ ተነሥታ እስከ ገበያው ቁልቁል ስትወርድ፣ እውነትም ናፍጣ አልጠጣችም። የእኔዋም ቁልቁለት ላይ ጠባይዋ እንዲሁ ነው። ሙከራው ለምን ወደ ሸኮ አቀበት እንዳልዞረ የጠየቀ አልነበረም። ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ።

2. ከጠርሙሱ ጋር ስለታደለው መመሪያ፣ በተለይም ስለ መጨረሻው መስመር አመሰግናለሁ፦ «ለውጥ ካላዩ የሹፌርዎን አያያዝ ይመርምሩ።» ለውጥ አላየሁም። መረመርኩ።

ሹፌሬ አሕመዲን ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ባለቤቴ ጅማ ሲታከም ሞቶ፣ አስከሬኑን በሌሊትም በጭቃም ሳይል ያመጣልኝ እሱ ነው። ከመመሪያዎ በኋላ ግን እሱ ሳይደርስ ማለዳ እየተነሣሁ፣ በናፍጣ ማጠራቀሚያዋ፣ በሰልባትዮው ውስጥ እንጨት እየነከርኩ ናፍጣውን መለካት ጀመርኩ። እንጨቱን በቢላ ምልክት አደረግሁበት። እንጨቱን ጓዳ ደበቅሁት። ምን እንደምደብቅ ሳላውቅ።

አንድ ማለዳ ከወትሮው ቀድሞ ደረሰና እንጨቱ በእጄ እንዳለ አየኝ።

«እትዬ፣ ናፍጣውን የጠጣው አቀበቱ ነው» አለኝ፤ ቁልፉን መኪናዋ ግንባር ላይ አስቀምጦ ሄደ።

3. ከአዲሱ ሹፌር ጎን ተቀምጬ፣ እንጨቴን ይዤ፣ እኩል ናፍጣ አስሞልቼ፣ እኩል ጭነት አስጭኜ አራት ጊዜ ቴፒ ተመላለስኩ፤ ሁለቴ በመድኃኒቱ፣ ሁለቴ ያለ መድኃኒቱ። አራቱንም ጊዜ እንጨቱ የረጠበው እዚያው ምልክት ላይ ነው።

ማኅተም አመንኩ፤ ሰው ግን አላመንኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ አላመካኝም። አሕመዲን ዛሬ ማሻ ለሌላ ሰው ይነዳል። ይቅርታ ልኬለት ነበር፤ ሰላምታ ብቻ መለሰልኝ። እኔ አሁንም ማለዳ ማለዳ እለካለሁ። እጄ ለምዶበታል። ማንን እንደምጠረጥር ግን አላውቅም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ የጠርሙሶቹን ዋጋ እንዲመልሱልኝ አይደለም። ያ መስመር እንዲሰረዝ፣ መሰረዙም መናኸሪያው ላይ፣ ሹፌሮች በሚውሉበት፣ የአሕመዲን ስም ተጠርቶ እንዲነበብ ነው።

ቁልቁለት በወረደች ቁጥር የማስታውስዎ፣ በማኅተምዎ ታምን የነበረች ታዛዥዎ፣
ጥሩነሽ አስረስ

ማስታወሻ፦ ያልተከፈተች አንዲት ጠርሙስ ተርፋኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያታለሁ፤ ለኮሚቴው መኪና ትሁን። እንጨቱንም አያይዣለሁ። ለውጥ ካላዩ ምርመራው ከማን እንደሚጀምር አይቸገሩም፤ ቅዳሜና እሑድ መኪናዋን የሚነዷት ራስዎ ነዎትና።