ያልተቋረጠው ኒካህ

ውድ አዚዛ፣

ኮምቦልቻ ገብተሽ ቤትሽን እያደራጀሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከደሴ ብርድ መውጣትሽ ለሳይነስሽ ሳይሻል አይቀርም። እኔ እንዳለሁ ነኝ። ቪዲዮ ቤቱም እንዳለ ነው፤ ኤዲቲንግ ስትማሪ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ አሁን ፕሪንተር ተቀምጧል።

ሁለት ክረምት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ እወድሻለሁ አላልኩሽም። አንቺም አላልሽኝም። ወሎ ላይ እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ ኖሯል ሲባል እሰማለሁ፤ ያንቺ አባትና የኔ እናት ግን የዚያ ወሎ ሰዎች አይደሉም። እናቴ ስምሽን ከሰማች ለጸሎት ትንበረከካለች። ደግሞም ፈሪ ነኝ፤ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ ሀጂ ባሽር ሱቃችን ሲመጡ ጉዳዩ ያንቺ መሆኑን አላወቅሁም።

"የጴንጤዎቹን እሁድ እሁድ ላይቭ የምታስተላልፈው አንተ ነህ? አይቋረጥም አሉ" አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። አባትሽ ከጅዳ መምጣት አልቻሉም፤ የመኖሪያ ወረቀታቸው አላልቅ ብሏል። ወኪል ያድርጉ ቢባሉ "ልጄን በሰው አፍ አልድርም" ብለዋል። ሸሁ ደግሞ በቪዲዮ እንዲሆን የፈቀዱት ከዚህም ከዚያም ሳይቆራረጥ ምስክሮቹ ፊት ከተሰማ ብቻ ነው። ከተቋረጠ ኒካሁ አባትየው እስኪመጡ ይቆያል።

"የማን ልጅ ናት?" አልኩ።

"የወንድሜ። አዚዛ።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

በዋዜማው ሙገድ ሰፈር እናንተ ቤት መጥቼ ሞከርኩ። የጅዳው መስመር ጠንካራ ነው፤ የሚያስቸግረው ከኛ የሚወጣው ነው። ሳሎኑ ጸጥ ሲል ምስሉ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ሰዎቹ ለዱዓ እጃቸውን አንስተው "አሚን" ሲሉ ግን ሁሉ ነገር አንድ ላይ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ብዙ ዳታ ይጠይቃል፤ መስመሩ አይችለውም። አባትሽ ከወዲያ "ጠፋችሁ! ጠፋችሁ!" ይላሉ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው!" አሉ ሀጂ ባሽር።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ቢትሬቱን፣ ምስሉ በየሰከንዱ የሚበላውን ዳታ፣ ቋሚ ማድረግ ነው። ተለዋዋጭ ሲሆን ምስሉ ሲያሻው ብዙ፣ ሲያሻው ጥቂት ይበላል። ቋሚ ሲሆን ግን እንደ ወታደር ቀለብ በየሰከንዱ እኩል ነው፤ ሰው ሲነሳ ሲቀመጥ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አይቋረጥም። የሚላክ ነገር ባይኖር እንኳ ባዶውን ሞልቶ ይልካል። ይህን ሳስተምርሽ "ይሄማ አንተን ይመስላል" ብለሽኝ ነበር።

በኒካሁ ዕለት የቢትሬቱን ቅንብር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ተለዋዋጭ ብዬ ብተወውና ቢቋረጥ ማንም አያውቅም። ኔትወርክ በሚታማበት አገር ማን እኔን ይጠረጥራል? ጣቴ ማውሱ ላይ ቆየ። የሴቶቹ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበርና ሳቅሽን ሰማሁ፤ ከመቶ ሰው መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ። ደስ ብሏታል አልኩ ለራሴ። ደስታሽን በገዛ እጄ ላበላሽ? ቋሚ አደረግሁት፤ መስመሩ ከሚችለውም ዝቅ አድርጌ አሰርኩት።

ሸሁ ጠየቁ። አባትሽ "ልጄን አዚዛን በተስማማነው መህር ዳርኩህ" አሉ። ሙሽራው "ተቀበልኩ" አለ። የሰዉ ፊት ድብዝዝ ብሏል፤ ከድምጹ ግን አንዲት ቃል አልጎደለችም። ሀጂ ባሽር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አላህ ይስጥህ፣ ልጄ" አሉኝ።

ገመድ ስጠቀልል እህትሽ ኡመይማ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ማቴ፣ ለምን አልተቋረጠም?"

"ጥሩ አድርጌ ስለሠራሁት ነዋ።"

"ወላሂ፣ የሚያስተላልፈው አንተ ነህ ሲሏት ከጠዋት ጀምራ ስትስቅ ነበር። 'ማቲዎስ ከሆነማ ለኔ ሲል ያቋርጠዋል፤ አባዬ እስኪመጣ እኔም አፌን ከፍቼ የልቤን እናገራለሁ' አለችኝ። የአባዬ ድምፅ ጥርት ብሎ ሲመጣ ነው ሳቋ የቆመው።"

ገመዱን መጠቅለል ቀጠልኩ።

አዚዛ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ባልሽም ደህና ሰው ይመስላል፤ ሲወጣ አመስግኖኛል፤ እሱን መጥላት እንኳ አቃተኝ። እናቴ "ምን ሆነህ ነው የማትበላው?" ትለኛለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የማወራው ለአንቺ ነበር፤ አሁን ለማን ልንገር?

ከእንግዲህ ኮምቦልቻ የሰርግ ሥራ ሲመጣ ባልደረባዬ ገብሬ ይሄዳል። እኔ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ አንቺ አልወርድም። በዚህስ እንኳ እመኚኝ።

ደህና ሁኚ።

ማቲዎስ፣ ከደሴ