እማዬ በሽሮው ከረጢት ላይ

ረቡዕ፣ ኅዳር 1። ጠዋት።

በርበሬው ወፍጮ ቤት ነው። ሽሮው ተነፍቷል፣ መታሸግ ይቀረዋል። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት። ዓመቱን ሙሉ የምንሸጠው ሽሮ የዚህን ሰሞን አያህልም። አንቺ ላይ የምጽፈው እንኳ በአንድ እጄ ከረጢት እየያዝኩ ነው፣ ማስታወሻዬ።

የከረጢቱ ጽሑፍ አርጅቷል። አሁንም «ለፋብሪካ ሠራተኞች የተዘጋጀ ባልትና» ይላል። እማዬ ስትጀምር እውነት ነበር፤ የጨርቃ ጨርቁ ወንደላጤዎች ናቸው ያቋቋሟት። ዛሬ የሚገዛን የገላን ኮንዶሚኒየም ሰው ነው። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል፤ ፋብሪካ ምኑ ነው? ታሪካችን መታደስ አለበት። ይኸው፣ ላንቺ ነገርኩሽ። ሌላ የሚሰማኝ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 3።

ኤርሚ ማተሚያ ቤት ዋልኩ። አዲሱን ከረጢት ሠራልኝ። ፊት ለፊት የእማዬ ፎቶ፣ ሥራውን በጀመረችበት ጊዜ የተነሳችው። ጥቁርና ነጭ፣ ዙሪያው ወርቃማ ፍሬም። ከሥሩ «ወ/ሮ አስካለ፣ 1974 – 2008 ዓ.ም.»። ዓመቱን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ከመቼ ጀምሮ እስከ ዛሬ እንደምንሠራ ይታወቅ ብዬ። ከዚያ «እናታችን፣ እጅሽ ሁሌም ከእኛ ጋር ነው»። ይህንንም እኔው። ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይታተም አልኩ፤ ነገውኑ አሽገን ሱቅ እናደርሳለን።

ሰኞ፣ ኅዳር 6። ከቀኑ 8 ሰ.

ጉድ ሆንኩ! ጋሽ ሸምሱ ደወሉ፤ ገላን ሱቃቸው ውስጥ ሽሯችንን የሚሸጡልን ስልጤው ነጋዴ። አኩርፈዋል። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንሠራ እናትሽ ስታርፍ እንዴት አንድ ቃል አይነገረኝም፣ እንዴት ቀብር ታስቀሩኛላችሁ ይላሉ። የምን ቀብር? እየሮጥኩ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ አንዲት ሴትዮ እኔን አየች፣ ከረጢቱን አየች፣ በስመ አብ ብላ አማትባ ወደ ኋላ ሸሸች። ፎቶው ለካ ቁርጥ እኔን ነው።

ያኔ ገባኝ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ እናታችን... የሙት ዓመት መታሰቢያ! ሰው ያነበበው ከልደት እስከ ሞት ነው። በሠላሳ አራት ዓመቷ ተቀጨች፣ ምን አግኝቷት ይሆን ሲሉ ሰንብተዋል። ሽሮው አልተነካም። ባለሙያዋ ከሞተች ይሄን ማን ሠራው ነው ነገሩ። ኤርሚን ላንቀው ነበር። ግን እሱ ምን አደረገ? ያዘዝኩት እኔ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7።

እማዬ አየችው። ደብቄው ነበር፤ ጎረቤት አመጣላት። በቁሜ ቀበርሽኝ አለች። ሟርተኛ አለችኝ፣ የገዛ እናቴ! ይቅርታ ብል፣ እግሯ ላይ ብወድቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ምሳ አልበላችም። ራት ግን በላች፣ ተመስገን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9።

ጋሽ ሸምሱ እንደገና። ወይ ሽሮሽን አንሺልኝ፣ ወይ እናትሽን አምጥተሽ ሰው ይያት አሉ። እውነታቸውን ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ ሁሉም ከሌላ ሸምቶ ጨርሷል። ይህ ሰሞን ካመለጠን ሥራው ይቆማል፣ አለቀ። እማዬን ለመንኳት። አሻፈረኝ። ሞቶ የተነሳ ሰው ለማየት ቲኬት ያስቆርጡ አለች።

ደሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ብትመጣስ ምን ልትል ነው? በርበሬ ከነካች ሁለት ዓመቷ። በሳሏ ምክንያት ሐኪሙ ብናኝ እንዳትቀርብ ከልክሏታል። ቅመሙን የምለካው፣ የምቆላው፣ የማስፈጨው እኔ ነኝ። ሰው ግን የሚገዛው የእሷን እጅ ነው። የእኔን ማን ያውቀዋል? እሷም ብትሆን ባስቀመስኳት ቁጥር «ይሁን» ከማለት ሌላ አይወጣትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 11 ሰ.

ሳላስበው ለባብሳ ወጣች። ባጃጅ ጥሪ አለች። ምን እንዳስነሳት አልጠየቅኩም፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈራሁ። ጋሽ ሸምሱ አላህን እያመሰገኑ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ሱቁ ደጃፍ አስቀመጧት። ሰው ተሰበሰበ። ልጆች ሊነኳት ሁሉ ፈለጉ።

አንዲት ደንበኛ፣ እማማ ሽሮው እንዲህ የሚጥመው ምን ጨምረውበት ነው ብላ ጠየቀች። በቃ ጉዳችን ፈላ አልኩ። እማዬ ምንም አልመሰላት። እኔ ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ስትበሉ የከረማችሁት የእሷን ነው ብላ በጣቷ እኔን አሳየች። እኔ ስቆላ እቸኩል ነበር፤ እሷ ትታገሣለች፤ የእሷ ይበልጣል አለች። ይበልጣል!

አንዷ የያዘችውን መልሳ አስቀምጣ ሄደች። የጠየቀችው ሴት ግን፣ ታዲያ ባለፈው ሁዳዴ የበላሁት ያንቺ ነዋ ብላኝ ሁለት አነሳች። ሌሎችም ቀስ በቀስ። ሁሉም አይደሉም፤ መደርደሪያው ግን ጎደለ።

ተናደድኩ። ደስም አለኝ። ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ለማላውቃቸው ሸማቾች ነገረችልኝ። ባጃጁ ውስጥ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም አልኳት። ልብሽ እንዳያብጥ ብዬ አለች። አለቀስኩ። እሷ መንገዱን ታያለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 13። ጠዋት።

ወስኛለሁ። ለኤርሚም ነግሬዋለሁ። ፍሬሙ ይውጣ፣ ዓመቱ ይውጣ። «ወ/ሮ አስካለ ጀመሩት፤ ልጃቸው ሰናይት ትሠራዋለች» ይባል። ፎቶው የእኔ፣ በቀለም። እማዬ ተስማምታለች፤ ፀጉርሽን ተሠርተሽ፣ ነጠላ ለብሰሽ ተነሺ ብላ ነው። እምቢ ብያታለሁ። በሥራ ሽርጤ ነው የምነሳው፣ በርበሬው እንዳለበት። ይኸው ከጓዳ እየጮኸችብኝ ነው። ትጩህ። ፎቶ ቤቱ ተከፍቷል፣ ሽርጤን ልሰርና ልሂድ።